ያለ ዋጋ የተቀመጡ ሰዎች፦ ጁልያ ማርጋሬት ካሜረንና ተነሺዎቿ

ሠዓሊ ለሞዴሉ በሰዓት ሒሳብ ይከፍላል፤ ባለፎቶግራፍ ቤት ደግሞ በተቃራኒው ከተነሺው ዋጋ ይቀበላል። በነዚህ በሁለቱ ልማዶች መካከል ግን አንድ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም አንሺና ተነሺ ገንዘብ ሳይሰጣጡ፣ ጊዜያቸውንና ትዕግሥታቸውን አዋጥተው አንድ ሥዕል የሚያወጡበት መንገድ ነው። ካሜራውን በትከሻው አንግቶ የሚዞር፣ ፍላጎቱ እንጂ ገንዘቡ የሌለው ጀማሪ ባለሙያ ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ከዚህ መንገድ ላይ ይደርሳል። ደርሶም ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፦ የማይከፍል ሰው ሌላውን ሰው በምን አግባብቶ በካሜራው ፊት ያስቀምጠዋል?

ጥያቄው አዲስ ይምሰል እንጂ ዕድሜው ከራሱ ከፎቶግራፍ ጥበብ ዕድሜ ብዙም አያንስም። ጥበቡ እ.ኤ.አ. በ1839 ለዓለም ከተገለጸ ገና አራት ዓመት እንደሆነው ሠዓሊው ዴቪድ ኦክታቪየስ ሂልና ባልደረባው ሮበርት አዳምሰን በስኮትላንድ፣ ከኤዲንበርግ አጠገብ ባለችው በኒውሄቨን መንደር የዓሣ አጥማጆችንና ዓሣ የሚሸጡ ሴቶችን ምስል ማንሳት ጀምረው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ ያለ ዋጋ የሚቀመጥ ሰው ማግኘትን ራሱን እንደ ጥበብ የያዘች፣ በዚህም ብዙ ያተረፈች፣ አንዳንዴም ልታስብበት ይገባት የነበረውን ሳታስብ ያለፈች አንዲት ሴት አለች። የእሷ ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢ የተለየ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ካስቀመጠቻቸው ሰዎች መካከል አንዱ ከመቅደላ ተወስዶ የሄደው የሰባት ዓመት ልጅ፣ ደጃዝማች ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነው።

ጁልያ ማርጋሬት ካሜረን በ1815 በካልካታ ተወለደች። ባሏ ቻርልስ ሄይ ካሜረን የሕግ ሊቅ ሲሆን በሴሎን፣ ማለትም በዛሬይቱ ስሪላንካ፣ የቡና እርሻ ነበረው። ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ አገር ከተመለሰ ከዓመታት በኋላ፣ በ1860፣ በዋይት ደሴት ፍሬሽዋተር በምትባል የባሕር ዳር መንደር፣ ከባለቅኔው ከአልፍሬድ ቴኒሰን መኖሪያ አጠገብ ቤት ገዛ። በ1863 መገባደጃ ላይ ልጇና የልጇ ባል መዝናኛ ይሆናት ዘንድ ካሜራ ሲያበረክቱላት ካሜረን የ48 ዓመት ሴት ነበረች። ወዲያው የድንጋይ ከሰል ማከማቻውን ጨለማ ክፍል አደረገችው፤ ዶሮዎቹን አስወጥታ የዶሮ ቤቱን ስቱዲዮ አደረገችው። በዚህ የዶሮ ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ የዘመኑ ባለቅኔዎች፣ ሊቃውንት፣ የቤት ሠራተኞችና የጎረቤት ልጆች በተራ የተቀመጡት።

መቀመጡ ቀላል ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ የሚሠራበት ዘዴ እርጥብ ኮሎዲዮን የሚባለው ነው። አንሺው አንድ ንጹሕ መስተዋት በኮሎዲዮን ይቀባል፣ በብር ናይትሬት ውኃ ይነክራል፣ ሳይደርቅም ካሜራው ውስጥ አስገብቶ ብርሃን ያሳየዋል፤ ከዚያም እዚያው በዚያው አጥቦ ምስሉን ያወጣል። መስተዋቱ ከደረቀ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ካሜረን ትላልቅ መስተዋቶችን፣ ከ1866 ወዲህማ 15 በ12 ኢንች የሚሆኑትን ትጠቀም ስለነበረ፣ የምትፈልገውም ከጥላ ውስጥ በቀስታ የሚወጣ ብርሃን ስለሆነ ተነሺው ከሦስት እስከ ሰባት ደቂቃ ድረስ እንደ ሐውልት ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። የዘመኑ ባለፎቶግራፍ ቤቶች ተነሺው እንዳይነቃነቅ ከማጅራቱ ጀርባ የብረት መደገፊያ ያቆሙ ነበር። እንዲህ ያለውን ሥቃይ ሰው በገንዘብ እንኳ በግድ ይቀበለዋል፤ ያለ ገንዘብ እንዲቀበለው የሚያደርግ ምን አለ?

ካሜረን ራሷ በመጀመሪያ የሞከረችው በገንዘብ ነበር። በ1874 ጀምራ ሳትፈጽመው በቀረችው የሕይወት ታሪኳ እንደምትተርከው፣ በፍሬሽዋተር የሚኖር አንድ ገበሬ ፊቱ የጥንት ንጉሥ ፊት ይመስላት ስለነበረ በሰዓት ሁለት ሺሊንግ ከስድስት ፔኒ እየከፈለች ታስቀምጠው ጀመር። ብዙ ሰዓትና ብዙ ሺሊንግ ካለቀ በኋላ አንድ ጥሩ ምስል ወጣ። በደስታ ብድግ አድርጋ ልታደርቀው ስትል ግን እጇ እርጥቡን ፊት ነካውና ምስሉ ጠፋ። የተከፈለበት የመጀመሪያው ፊት እንዲህ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወደ ልጆች ዞረች። በመጀመሪያ ሁለት ሕፃናት አንድ ላይ ብታስቀምጥ አንዱ በሣቅ ስለፈነዳ ያ መስተዋት ተበላሸ። በ1864 ጃንዋሪ ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ፣ አኒ ፊልፖትን፣ ብቻዋን አስቀመጠቻት። ከዚህ ላይ የሚደነቀው የተጠቀመችበት ማግባቢያ ነው። ጣፋጭ ልስጥሽ አላለቻትም፤ ቁጣም አላሳየቻትም። ነገሩን እንደ ሁኔታው አስረዳቻት፦ ብትንቀሳቀሺ ይህ ሁሉ ኬሚካልና የእኔ ድካም በከንቱ ይቀራል፣ አለቻት። ልጅቱም እንደ ትልቅ ሰው ተቆጥራ የሥራው ባለድርሻ በመሆኗ ሳትነቃነቅ ቀረች። ምስሉ ወጣ፤ ካሜረንም የመጀመሪያዬ ክንውን ብላ የጠራችው ይኸው ነው። ለልጅቱ የምትሰጣት ነገር ፍለጋ በቤቱ ውስጥ ከላይ ታች እንደ ሮጠችና ምስሉን የሠራችው ሙሉ በሙሉ ልጅቱ እንጂ እሷ ራሷ እንዳልሆነች እንደ ተሰማት ጽፋለች።

ይህ ስሜት የጠቅላላው ነገር ቁልፍ ነው። ገበሬው ሰዓቱን ሸጦ ሄደ፤ ምስሉ ቢጠፋም ባይጠፋም ሺሊንጉ አልጠፋበትም። ልጅቱ ግን የምትሸጠው አልነበራትም፤ ሥራው የጋራ ሆነ። ስጦታውም ከሥራው በፊት የተነገረ ዋጋ ሳይሆን ከሥራው በኋላ የመጣ ምስጋና ነበር። በዋጋና በምስጋና መካከል ያለው ልዩነት ለተራ ዓይን ትንሽ ይመስላል፤ በፊት ላይ ሲታይ ግን ትንሽ አይደለም።

ካሜረን ከዚያ ወዲያ ሰው ለመጠየቅ የማታፍር ሆነች። በ1864 ጣልያናዊው ጀግና ጋሪባልዲ ቴኒሰንን ለመጎብኘት ወደ ፍሬሽዋተር ሲመጣ፣ ካሜረን በኬሚካል የጠቆሩ እጆቿን ዘርግታ ከፊቱ ተንበርክካ እንዲነሳላት ለመነችው፤ እሱም ምጽዋት የምትጠይቅ ድኻ መስላው ዞር እንዳለ ይነገራል። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ለሣቅ ያወራዋል። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር አለው፤ የምትፈልገውን ፊት ስታይ ክብሯን እንኳ አትሳሳለትም ነበር፤ የተጠየቀውም ሰው ይህን ያያል። አሜሪካዊው ባለቅኔ ሎንግፌሎ በ1868 በጋ ወደ ደሴቲቱ ሲመጣም ቴኒሰን ራሱ ወደ ካሜረን ቤት ወስዶ፣ ያለችህን ሁሉ ማድረግ አይቀርልህም፣ ኋላ መጥቼ ምን እንደተረፈህ አያለሁ በማለት ቀልዶበት ትቶት ሄዷል።

ለነዚህ ሰዎች የምትሰጣቸው ምን ነበር? በመጀመሪያ ደረጃ ምስሉን ራሱን ትሰጣቸዋለች። ፎቶግራፎቿን በአልበም እየሰበሰበች ለወዳጆቿ በስጦታ ታድል ነበር፤ በ1864 ለሠዓሊው ለጆርጅ ፍሬድሪክ ዋትስና ለሥነ ፈለክ ሊቁ ለሰር ጆን ኸርሸል ያበረከተቻቸው አልበሞች በታሪክ የታወቁ ናቸው። በአገራችንም ቢሆን ከፎቶግራፍ ቤት የወጣችውን ትንሽ ምስል ከጀርባዋ «ለማስታወሻ» ብሎ ጽፎ ለወዳጅ መስጠት ለብዙ ዘመን የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ የአንዲት ቅጂ ዋጋ ከወረቀቱ በላይ መሆኑን ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም።

በሁለተኛ ደረጃ የሰጠቻቸው ሌላ ባለፎቶግራፍ የማይሰጣቸውን መልክ ነው። የዘመኑ የፎቶግራፍ ቤት ምስል ከእግር እስከ ራስ፣ ከዓምድና ከመጋረጃ ጋር፣ ሁሉንም ሰው አንድ ዓይነት አድርጎ የሚያቆም ነበር። ካሜረን ወደ ፊት ተጠግታ፣ ልብሱን በጨርቅ ሸፍና፣ ፊቱን ብቻ ከጨለማ ታወጣዋለች። በ1867 ሰር ጆን ኸርሸልን ስታነሳው ነጭ ፀጉሩ ብርሃን እንዲይዝ አስቀድማ አሳጠበችው ይባላል። ሽማግሌው ሊቅ በዚያ ምስል ላይ ብርሃን ከውስጡ የሚወጣ ይመስላል። ቴኒሰንም በ1865 የተነሳውን ምስሉን አይቶ «ቆሻሻው መነኩሴ» ብሎ በቀልድ ስም አወጣለት፤ ሆኖም ከሁሉ አብልጦ ከወደዳቸው ምስሎቹ አንዱ ሆነ። በ1868 በጋ ከነቤተሰቡ ወደ ፍሬሽዋተር መጥቶ የተነሳው ቻርልስ ዳርዊን ይህን ምስል ከሌሎቹ ሁሉ አብልጦ እንደሚወደው በጽሑፍ ገልጾላታል፤ ካሜረንም ይህን ቃሉን ከፊርማው ጋር በምስሉ ግርጌ አሳተመችው። እንዲህ እያለ አንዱ ተነሺ ለሚቀጥለው ተነሺ ምስክር ይሆናል። ሥራውን ያላሳየ አንሺ ከሌላው ሰው እምነት ይጠይቃል፤ ሥራውን ያሳየ ግን ውሳኔ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሆኖም ተነሺዎቹ ሁሉ ረክተው ሄዱ ማለት አይደለም። ቴኒሰን በካሜረን ፎቶግራፎች የተነሳ በየሄደበት እየታወቀ በሰላም መጓዝ አቅቶት እንደ ነበረ ይነጫነጭ ነበር። አንዲት ዘውድ ደፍታ እንደ ጥንት ንግሥት እንድትቀመጥ የተደረገች ሴት ደግሞ ያሳለፈችውን በደቂቃ በደቂቃ ተርካዋለች። በመጀመሪያው ደቂቃ መጮኽ አማራት፤ በሁለተኛው ዓይኖቿ ከጉድጓዳቸው የሚወጡ መሰላት፤ በሦስተኛው ማጅራቷ ደነዘዘ፤ በአራተኛው ከራሷ የሰፋው ዘውድ ወደ ግንባሯ ይንሸራተት ጀመር፤ በአምስተኛው ግን አብሮ ይነሳ የነበረው የካሜረን ሽማግሌ ባል በማይሆን ሰዓት ሣቁ መጣበትና ነገሩ ሁሉ ፈረሰ። ያም ሆነ ይህ ሴትዮዋ ትዝታውን በሣቅ ነው የምታወራው። የመሣቅ መብት ያለው ተነሺ ብዙ አልተበደለም።

ካሜረን ራሷን ነጋዴ ባለፎቶግራፍ ብላ አልጠራችም። አንድ ጊዜ አንዲት የማታውቃት እመቤት፣ ቀሚሴ ሳይጨማደድ በሠረገላ ስለምመጣ ፎቶግራፍ አንሺኝ ብላ ጻፈችላት። ካሜረንም፣ ባለሙያ ነጋዴ ባለመሆኔ ላነሳሽ አልችልም፤ ብችል ኖሮ ግን ቀሚስሽ ቢጨማደድ እመርጥ ነበር ብላ መለሰችላት። መልሱ ቀልድ ቢመስልም ከጀርባው የጥበብ አቋም አለ፤ የሚከፍል ሰው ቀሚሱ እንዴት እንደሚታይ ለማዘዝ ይመጣል፤ ካሜረን ደግሞ የምትፈልገው ቀሚሱን የረሳ ሰው ነው።

ከጀርባው ሕግም አለ፤ ስለ ፎቶግራፍ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህን ነው። በ1862 በእንግሊዝ አገር የወጣው ሕግ ሥዕልና ፎቶግራፍ የባለቤትነት መብት እንዲኖራቸው ሲደነግግ፣ ምስሉ ሌላ ሰው አዝዞ ዋጋ የከፈለበት ካልሆነ በስተቀር መብቱ የሠሪው እንዲሆን አደረገ። በሌላ አነጋገር፣ ተነሺው ከፍሎ ካዘዘ ምስሉ የተነሺው ነው፤ ማንም ካልከፈለ ግን የአንሺው ነው። ያለ ዋጋ የተቀመጠ ሰው ጊዜውን ብቻ ሳይሆን የፊቱን ምስል ጌትነትም አብሮ ይለግሳል ማለት ነው። ካሜረን ይህን በሚገባ ታውቅ ነበር። ከ1864 እስከ 1875 ባለው ጊዜ ውስጥ ከ500 በላይ ፎቶግራፎችን በስሟ አስመዝግባ፣ ኮልናጊ በተባለው የለንደን የሥዕል ነጋዴ አማካይነት ትሸጥ ነበር። ታላላቆቹ ሰዎች ፊርማቸውን ያኖሩባቸው ቅጂዎች ደግሞ ከሌሎቹ በላቀ ዋጋ ይሸጡ ነበር። ስለዚህ በዶሮ ቤቱ ውስጥ ዋጋ አልነበረም ሲባል፣ በበሩ ላይ አልነበረም ለማለት ነው፤ ከበሩ ውጪ ነበረ።

ለቴኒሰንና ለኸርሸል ይህ ጉዳት አልነበረውም። ዝና ነበራቸው፤ እምቢ የማለት መብትም ነበራቸው። ለቤት ሠራተኞቹ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከሁሉ ይበልጥ የተነሳችው ሜሪ ኺልየር የካሜረን የቤት ሠራተኛ ነበረች። እመቤቷ የድንግል ማርያምን ምስል እንድትመስል አድርጋ ደጋግማ ስላስቀመጠቻት የመንደሩ ሰው «ሜሪ ማዶና» እያለ ይጠራት ጀመር። ሜሪ ደመወዟን የምትቀበለው ለቤት ሥራ ነው፤ መነሳቱ ከሥራው ውስጥ ይቆጠር ወይስ ከፈቃዷ፣ ማንም አልጠየቃትም። ሌላይቱ፣ ሜሪ ራያን፣ ካሜረን ከለማኝ እናቷ ተቀብላ ያሳደገቻት ልጅ ናት። የእሷ ዕጣ እንደ ተረት ያለ ነው፤ በ1865 በለንደን በተደረገው ትርኢት ላይ ምስሏን ያየ ሄንሪ ኮተን የተባለ ወጣት የህንድ አስተዳደር ባለሥልጣን በፍቅሯ ወድቆ በ1867 አገባት፤ ኋላም እሱ የማዕረግ ስም ሲያገኝ እሷ ሌዲ ኮተን ተባለች። ካሜረን ይህን ጋብቻ በኩራት ታወራው ነበር። ይሁን እንጂ ለአንዲቱ ሜሪ የወጣው ዕጣ ለሌላይቱ ሜሪ እንደ ደመወዝ ሊቆጠር አይችልም። ምስልህ ዕድል ይከፍትልሃል የሚለው ተስፋ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያለ ዋጋ የሚቀመጡ ሰዎች ሲሰሙት የኖሩት ቃል ነው፤ ለጥቂቶች እውነት ሲሆን ለብዙዎች ሳይሆን ቀርቷል።

ልጆችም ነበሩ። የትልቅ ነጭ ወፍ ክንፍ ከትከሻቸው ላይ እየታሰረ እንደ መላእክት የተነሱት የጎረቤትና የዘመድ ልጆች ካደጉ በኋላ ያ ክንፍ ምን ያህል ይከብድ እንደነበረ ከመካከላቸው ጽፎ ያቆየ አለ። ትልቅ ሰው ሲጠይቅ ልጅ እሺ ይላል፤ የልጅ እሺታ ግን ፈቃድ መሆኑን ለማወቅ ያስቸግራል።

በዚህ መካከል 1868 መጣ። ካሜረን በዝናዋ ከፍታ ላይ ነበረች፤ በዚያው ዓመት የሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም፣ የዛሬው ቪክቶርያና አልበርት ሙዚየም፣ የምታነሳባቸው ሁለት ክፍሎች ፈቅዶላታል። በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ። እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በመንገድ ዐርፈው ጨለቆት ተቀበሩ። ልጃቸው ዓለማየሁ ባሻ ፈለቀ እየተባለ ለሚጠራው፣ ቀደም ሲል ዐፄ ቴዎድሮስን ላገለገለውና አማርኛ ዐዋቂ ለነበረው ለካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ በአደራ ተሰጥቶ በመርከብ ተወሰደ። መምህሩ አለቃ ዘነብ ከመንገድ እንዲመለሱ ተደረገ። በጁላይ ወር ልጁ እንግሊዝ አገር ደረሰ፤ ንግሥት ቪክቶርያም በዋይት ደሴት በሚገኘው በኦዝበርን ቤተ መንግሥታቸው ተቀበሉት። ከዚያ እስከ ካሜረን የዶሮ ቤት ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም።

ካሜረን በዚያው ወር ልጁን ለብቻውና ከስፒዲ ጋር አድርጋ ብዙ ጊዜ አነሳችው። ስፒዲ ቁመተ ረጅምና ጺማም እንግሊዛዊ ሆኖ ሳለ የሐበሻ ልብስ ለብሶ ከልጁ ጎን ይታያል። በደሴቲቱ ውስጥ ራይድ በተባለችው ከተማ ፎቶግራፍ ቤት የነበረው ጄቤዝ ኺዩዝም ሁለቱን አንስቷቸዋል፤ በዚያን ሰሞን የመቅደላ ወሬ በእንግሊዝ ጋዜጦች ሁሉ ስለተነገረ የንጉሡን ልጅ ፊት ለማየት የሚፈልግ ብዙ ነበረ። ካሜረንም ምስሎቹን እንደ ልማዷ በስሟ አስመዝግባ ለገበያ አቀረበቻቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ከላይ የተዘረዘሩት፣ ሰውን ያለ ዋጋ ያስቀምጣሉ የተባሉት ነገሮች ሁሉ ለዚህ ልጅ ምን ነበሩ? ነገሩን እንደ ሁኔታው ማስረዳት በአኒ ፊልፖት ላይ የሠራው ልጅቱ የካሜረንን ቋንቋ ስለምታውቅ ነው። ዓለማየሁ ግን አባቱን ያጣው በሚያዝያ፣ እናቱን በግንቦት፣ አገሩን በሰኔ ነው፤ የሚነገረውን የሚተረጉምለት ደግሞ ያው ጎኑ የተቀመጠው ሞግዚቱ ነው። ዝና ለእሱ ስጦታ አልነበረም፤ በዝና ምክንያት ነው ከካሜራው ፊት የተቀመጠው። ቀሚሱን ወይም ዘውዱን አይቶ የሚሥቅ ባልንጀራ አልነበረውም። እምቢ ቢል የሚሰማው ማን ነው? ሳይንቀሳቀስ መቆየቱን ግን ችሎበታል። ካሜረን ክፉ ሴት ነበረች ለማለት አይደለም፤ ምስሉን በጥንቃቄና በክብር እንደሠራችው ያየው ሁሉ ይመሰክራል፤ ከዘመኑ የጉድ ማሳያ ፎቶግራፎች ጋር ሲተያይም ብልጫው ግልጽ ነው። ነገር ግን አንሺው ያለው ክብር ሁሉ ተነሺው ሊሰጠው የሚገባውን እሺታ አይተካም። ያ ምስል ውብ የሆነው ልጁ ከሰጠው ነገር ሳይሆን ካልሰጠው ነገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ዓይኖቹ ከካሜረን ጋር ምንም ስምምነት አላደረጉም።

ካሜረንና ባሏ በ1875 እንግሊዝን ለቀው ወደ ሴሎን ሄዱ። እዚያ የተነሱት ሰዎች ባለቅኔዎች ሳይሆኑ በአካባቢው የሚኖሩ ሠራተኞች ናቸው፤ የብዙዎቹ ስም በምስሎቹ ላይ አልተጻፈም። እዚያ የጎበኘቻት ሠዓሊዋ ማርያን ኖርዝ ሁለት ነገሮችን ጽፋ አቆይታለች። አንደኛው፣ ካሜረን እሷን ራሷን ስታነሳ የሾሉ የኮኮናት ቅርንጫፎች ራሷን እየወጉ እንደ ተፈጥሮሽ ሁኚ ትላት እንደነበረ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሚያሥቅም የሚያሳዝንም ነው፤ ካሜረን አንድ የአገሩ ሰው ጀርባው እጅግ ያማረ መሆኑን አይታ፣ የአትክልት ቦታ ሳይኖራት፣ ሰውዬውም የአትክልተኝነትን ትርጉም ሳያውቅ፣ በአትክልተኛነት አስቀጠረችው። ከፍሬሽዋተሩ ገበሬ የጀመረው ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ደመወዝ ተመለሰ። ምናልባት የሴሎኑ አትክልተኛ ከሁሉም ይልቅ ጥርት ያለ ውል ያገኘ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ለምን እንደሚከፈለው ባያውቅም ይከፈለው ነበር።

ጁልያ ማርጋሬት ካሜረን በ1879 ጃንዋሪ ውስጥ በሴሎን ሞተች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 14 ቀን ዓለማየሁ በሊድስ ከተማ አጠገብ በኼዲንግሊ በሳንባ ሕመም ታሞ በ18 ዓመቱ ዐረፈ፤ በንግሥቲቱ ፈቃድም በዊንድሰር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ሜሪ ኺልየር ከሁሉም በኋላ ቆይታ በ1936 ሞተች።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 የዓለማየሁ ዐፅም ወደ አገሩ እንዲመለስ ጠየቀ። በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳይነኩ ዐፅሙን ማውጣት እንደማይቻል በመግለጽ ጥያቄውን እንደማይቀበል አስታወቀ። በዚያው ዓመት ከስፒዲ ቤተሰብ ወራሾች እጅ የቆየ የልጁ አንድ ጕንጕን ፀጉር ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ፎቶግራፎቹ በለንደን በቪክቶርያና አልበርት ሙዚየም፣ በሎስ አንጀለስ ደግሞ በጌቲ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ለብቻው የተነሳበት ምስል ርእስ «ደጃች ዓለማየሁ፣ የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ» ይላል።